ጥያቄ፦ ኔትወርክ በማይረባበት ገጠር ፊዚክስን በኦንላይን ማስተማር ይቻላል ወይ?

የመንዙ ቲቸር፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ከመሐል ሜዳ ወጣ ያለ ቦታ 9ኛና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ላብራቶሪ የሚባል ክፍል አለን፣ ውስጡ ያለው ግን የተሰበረ ወንበር ነው። እዚሁ ተምረው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች "ቲቸር ቅዳሜ ቅዳሜ በዙም እናግዝህ" አሉኝና ደስ ብሎኝ አንድ ቀን ሞከርን፣ 34 ተማሪ በኔ አንድ ስልክ ዙሪያ ተኮልኩሎ ገና የኒውተን ሁለተኛ ህግ ጋ ሳንደርስ ምስሉ ደረቀ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ካርዴም እዛው አለቀ። ስማርት ስልክ ያላቸው ደግሞ ስድስት ልጆች ናቸው። እንዲሁ እንዳይቀር ምን ባረግ ይሻላል?

የጠባሴ ልጅ፦
ቲቸር ላይቩን ተወው። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ልጆች የ5 ደቂቃ ድምፅ ይቅዱ፣ ጥያቄውን በደብተር ሰርተው ፎቶ አንስተው ከድምፁ ጋ በቴሌግራም ይላኩልህ፣ አንተ ኔት ያለበት ስትደርስ አንዴ ታወርደዋለህ፣ ከዛ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ምንም ካርድ ይዳረሳል። ቪዲዮ ግድ ከሆነ በ240 ጥራት አውርደው። ተማሪዎችህ የከበዳቸውን በወረቀት ይጻፉና ፎቶውን ላክላቸው፣ መልሱ በሳምንቱ ይመጣል፣ እንደ ድሮ ደብዳቤ በለው ሃሃ።

ሳይንስ ወዳዷ፦
ፌት (PhET) የሚባለውን ሞክረው፣ የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሰራ ፕሮግራም ነው። በፈረንጆቹ 2002 ካርል ዊማን የሚባለው የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው፣ ነፃ ነው። አንዴ ካወረድከው ያለ ኔት በክሮም ይከፈታል። ለ10ኛ ክፍል የሰርኪቱን አውርድ፣ ባትሪና አምፖል በሽቦ ታገናኛለህ ይበራል፣ ሾርት ስታረገው ባትሪው እሳት ያነዳል፣ እመነኝ ሁሉም ልጅ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። የሚሰራ ላፕቶፕ ካላችሁ ኮሊብሪ (Kolibri) የሚባል ፕሮግራም ጫንበት፣ ትምህርቱን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጠህ ተማሪው በዋይፋይ ከሱ ይከፍታል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔ በፕላዝማው ጊዜ አስተምሬያለሁ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ እኔ ጥግ ቆሜ አያለሁ፣ ሲያልቅ ከልጆቹ እኩል ግራ ገብቶኝ እወጣለሁ። ስክሪኑ አንተን እንዳይተካህ። ውሃ አፍላላቸው። እናንተ ጋ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነዋ። መንዝ የተጣደ ንፍሮ ሸዋ ሮቢት ከተጣደው ለምን ዘግይቶ እንደሚበስል ጠይቃቸው፣ እናቶቻቸው ሳይቀሩ ይከራከሩበታል።

አቤል ፊዚክስ፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ስልኩም ራሱ ላብራቶሪ ይሆናል ቲቸር፣ ፋይፎክስ (phyphox) የሚል አፕ አለ፣ በስልኩ ማይክና ሴንሰር የሚለካ፣ ጀርመን አኸን ያለ ዩኒቨርሲቲ የሰራው፣ ያለ ኔት ይሰራል። ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለካው ሴንሰር) የላቸውም፣ ስለዚህ በማይክ ጀምር። አኩስቲክ ስቶፕዋች የሚለውን፣ ድምፅ ሲሰማ የሚነሳና የሚቆም ሰዓት ነው፣ ሁለት ስልክ ላይ ክፈት፣ በ10 ሜትር አራርቃቸው። አንደኛው ስልክ ጋ ያለው ልጅ ያጨበጭባል ሁለቱም ይጀምራሉ፣ ከዛ ሁለተኛው ስልክ ጋ ያለው ያጨበጭባል ሁለቱም ይቆማሉ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት 0.06 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። ድምፁ 10 ሜትሩን በሁለቱም አቅጣጫ ስለሄደ 20ን ለዛ ቁጥር አካፍል፣ የድምፅ ፍጥነት ነው።

እህተ ማርያም፦
አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ስንማር ቤት ውስጥ ያለው ስልክ የወንድሜ ነበር፣ ፋይል ቢላክም እኔ ጋ አይደርስም። በሰፈር ከፋፍላቸው፣ ስድስቱ ስልክ ለስድስት ቡድን፣ ቅዳሜ የት እንደሚገናኙም አንተው ወስንላቸው። ሴቶቹም ስልኩን በተራ ይያዙ እንጂ ከኋላ ሆነው አንገት ብቻ እያሰገጉ እንዳይቀሩ።

የመንዙ ቲቸር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የአቤልን ዛሬ ሜዳ ላይ ወጥተን ሞከርነው፣ 10 ሜትሩን በገመድ ለካን። መጀመሪያ ውሻ ጮኸና ሰዓቱን አስቆመው፣ ቀጥሎ ንፋሱ አስቸገረን፣ በአራተኛው 0.061 መጣ፣ 328 ሜትር በሰከንድ! ሁለት ልጆች 10 ነው 20 የሚካፈለው እየተባባሉ ነው እስካሁን፣ አልነገርኳቸውም። ፌቱን ቅዳሜ ለገበያ ስወጣ አወርዳለሁ፣ 8 ጊጋ ሜሞሪ ይበቃኛል?

ሳይንስ ወዳዷ፦
ይተርፍሃል ቲቸር።