መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በስድስት ወር ይድናል?

ጥያቄ፦
ታናሽ ወንድሜ ከወር በላይ ሲያስለው ከርሞ አክታው በጂን ኤክስፐርት ሲመረመር፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ እንደያዘው ተነገረን። ሐኪሙ ያለ መርፌ፣ በሚዋጥ መድኃኒት ብቻ በስድስት ወር እንደሚጨርስ ነግሮናል። እኔን ያሳሰበኝ የጎረቤታችን ነገር ነው፤ ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ ሃያ ወር ያህል ሲታከም ለወራት መርፌ ይወጋ ስለነበር፣ ዛሬ በሩ ሲንኳኳ እንኳ አይሰማም። ያን ያህል ጊዜ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ያጠረው የተሻለ ተገኝቶ ነው ወይስ ወጪ ለመቀነስ? ጂን ኤክስፐርቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያደርሰውስ ውጤት ይታመናል?

መልስ 1 (የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦
ስለ ምርመራው ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ምርመራ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ መመርመር፣ ባክቴሪያው እስኪያድግ ሳምንታት ሲያስጠብቅ፣ ጂን ኤክስፐርት ግን የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አባዝቶ አርፒኦቢ በሚባለው ዘረ መል ላይ ለውጥ መኖሩን ያያል፤ ሪፋምፒሲንን የተላመዱት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች የሚለወጡት እዚያው ላይ ነውና ውጤቱ ይታመናል። ነገር ግን ማሽኑ የሞተውን ባክቴሪያ ዲኤንኤም ስለሚያነብ መዳንን ለመከታተል አይሆንም። ወንድምዎ በየወሩ አክታ እንዲያመጣ የሚጠየቀው ለካልቸር ነው፤ ሳሉ ጠፋ ብሎ እንዳይቀር። ፍሎሮኩዊኖሎን የሚባሉትን መድኃኒቶች መላመድ አለመላመዱም መታየት አለበት፤ ከተላመደ ከሕክምናው አራት መድኃኒቶች መካከል የዚሁ ወገን የሆነው ሞክሲፍሎክሳሲን ይወጣና የቀሩት ሦስቱ ይቀጥላሉ።

መልስ 2 (ሐኪም)፦
ሕክምናው ያጠረው ወጪ ለመቀነስ አይደለም። ቤዳኩዊሊን እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ለቲቢ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ከተገኘ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በደቡብ አፍሪካ፣ በቤላሩስና በኡዝቤኪስታን ባካሄደው ጥናት፣ ቤዳኩዊሊንን፣ ፕሪቶማኒድን፣ ሊኔዞሊድንና ሞክሲፍሎክሳሲንን ለ24 ሳምንት ከወሰዱት 89 በመቶው መልካም ውጤት ሲያገኙ፣ በነባሩ ሕክምና ግን 52 በመቶው ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን በአብዛኛው ያመጣው በነባሩ ሕክምና መድኃኒቱን ከመንገድ ያቋረጡት መብዛታቸው ነው፤ በእኔ አስተያየት የማጠሩ ዋና ጥቅምም ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ታካሚዎች መክሯል፤ ለነፍሰ ጡሮች ግን አይሰጥም። ኢትዮጵያም ቀደም ብሎ በተደረገ ጥናት ተሳትፋለች፤ ከ9 እስከ 11 ወር የወሰደው ሕክምና 78.8 በመቶ፣ ሃያ ወር ገደማ የሚወስደው ደግሞ 79.8 በመቶ መልካም ውጤት አስገኝቷል፤ ማለትም ማጠሩ ውጤቱን ብዙም አልቀነሰውም።

መልስ 3 (ታክሞ የጨረሰ)፦
እህቴ፣ እኔ አምና ጨርሻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ እግሬ ግን በአራተኛው ወር ደነዘዘ፣ ነጠላ ጫማዬ ወልቆ ሳላውቀው ሁለት ሦስት እርምጃ እሄድ ነበር። ሕክምናውን ያቋርጡብኛል ብዬ ስለፈራሁ ሦስት ሳምንት ደበቅኩ። በመጨረሻ ስናገር ሐኪሙ የሊኔዞሊዱን መጠን ቀነሰው እንጂ ሕክምናው አልቆመም። ሊኔዞሊድ ደምንም ስለሚቀንስ የደም ምርመራውን ቀጠሮ አያሳልፍ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለነገው ቀጠሮ የጻፍኩት ጥያቄ ስለ ጆሮ ምርመራ ነበር፤ እሱን ሰርዤ የፍሎሮኩዊኖሎኑ ውጤት ደርሶ እንደሆነ የሚለውን ጽፌያለሁ። ወንድሜም እግሩን ማታ ማታ እንዲያሳየኝ ነግሬዋለሁ።