በየቀኑ ይህን ያህል ቃል እጽፋለሁ ብሎ መነሣት በእርግጥ ያጽፋል?

የማታ ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቀን በመምህርነት እየሠራሁ ማታ ማታ ልብ ወለድ የምጽፍ ሰው ነኝ። ታሪኩ በአእምሮዬ ውስጥ ከሞላ ጎደል ተጠናቅቋል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ከሦስተኛው ምዕራፍ አላለፈም። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በቀን 1,000 ቃል ሳትጽፍ አትተኛ» ብሎ መከረኝና ምክሩን ተቀብዬ ጀመርሁ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ በእርግጥ አንቀሳቅሶኛል። የፈተና ሰሞን መጥቶ የተማሪዎች ወረቀት ሲከመር ግን ያልጻፍሁት ሁሉ እንደ ዕዳ ይጠራቀምብኝ ጀመር፤ ጠረጴዛው ዘንድ ከመቅረቤ በፊት ያለብኝን ውዝፍ ስለማሰላ የመጻፍ ፍላጎቴ እየቀዘቀዘ ነው። ቁጥሩን ብተወው ደግሞ ሳምንቱ አንድ መስመር ሳልጽፍ እንደሚያልፍ አውቃለሁ።

ልምድ ያላችሁ ሰዎች፣ የቃላት ብዛትን ግብ አድርጎ መጻፍ ለእናንተ ሠርቷል? ከሠራስ ልኩን የወሰናችሁት እንዴት ነው? የመጀመሪያውን ረቂቅ የምጽፈው በደብተር ላይ በስክሪብቶ መሆኑንም ከግምት አስገቡልኝ።

ማለዳ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ በቁጥር መጻፍን አጥብቄ እደግፋለሁ። የቀን ሥራ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ሐሳብ አይደለም፤ የሚያጣው ለመጀመር የሚያስደፍረውን ነገር ነው። «ዛሬ ልብ ወለዴን እጽፋለሁ» የሚለው ውሳኔ የት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ስለማይታወቅ ለነገ ለማስተላለፍ ይመቻል፤ «ዛሬ ሦስት መቶ ቃል እጽፋለሁ» የሚለው ግን መጨረሻው ከወዲሁ ስለሚታይ ደክሞት የመጣ ሰው እንኳ ሊቀመጥበት ይችላል።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ይመስለኛል። ትሮሎፕ ለብዙ ዓመታት በፖስታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ ነው ከአርባ በላይ ከሆኑት ልብ ወለዶቹ ብዙዎቹን የጻፈው። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 በታተመው ግለ ታሪኩ እንደሚናገረው፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ይቀርባል፤ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠይቃል፤ የጻፈውንም ገጽ በየቀኑ በመዝገብ ያሰፍራል። በዚያ ሰዓት ቀስቅሶ ቡና ለሚያመጣለት አሮጌ አገልጋዩ በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍለው ነበር፤ ለስኬቱ ከማንም በላይ ባለዕዳ የሆነው ለዚያ ሰው ሳይሆን እንደማይቀርም ጽፏል። ይህን ታሪክ የሚያወሱ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘልላሉ። ትሮሎፕ በየማለዳው ከሚሠራባቸው ሦስት ሰዓታት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚሰጠው ትናንት የጻፈውን ለማንበብ ነበር፤ ቁጥሩ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ልኩ ደግሞ ልናገር። ባልደረባዎ የነገሩዎት 1,000 ቃል አሜሪካዊው ደራሲ እስቲቨን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ስለ አጻጻፍ በሚያወሳው መጽሐፉ ለጀማሪዎች ካቀረበው ሐሳብ ጋር ይመሳሰላል። ኪንግ ግን በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ፈቅዷል፤ ደግሞም መተዳደሪያው ጽሕፈት የሆነ ሰው ነው። በዚያ ላይ ያ ቁጥር የተለካው በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም በግሡ ላይ ስለሚደርብ፣ «አላስታወሰኝም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይፈጃል። ስለዚህ በአማርኛ 1,000 ቃል መጻፍ ኪንግ ለጀማሪው ካሰበው በላይ መሥራት ነው። ከመምህርነት ሥራ በኋላ ከሦስት መቶ እስከ አራት መቶ ቃል በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

አርታዒዋ፦

ከላይ የተሰጠው አስተያየት ለመጀመሪያ ረቂቅ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በአርታዒነቴ በየጊዜው የማየውን የዚህን ልማድ ሌላ ገጽታ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጸሐፊው ቁጥር ለመሙላት የጻፈው ገጽ ራሱን ያሳብቃል። ሁለት ገጸ ባሕርያት ይገናኛሉ፤ እንደምን ዋልህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰብ ደኅና ነው፣ ልጆቹስ፣ ሲባባሉ ግማሽ ገጽ ይሄዳል። ከዚያ ቡና ይፈላል፤ አቦሉ ይቀዳል፣ ቶናው ይቀዳል፣ በረካው ይቀዳል፣ በየመሐሉም እጣኑ ይጨሳል። ሰዎቹ የተገናኙበት ጉዳይ፣ ማለትም አንደኛው የሌላውን መሬት በስውር መሸጡ፣ የሚነሣው ምዕራፉ ሊያልቅ ሁለት አንቀጽ ሲቀረው ነው። እነዚህን ገጾች ስሰርዝ ጸሐፊው እጅግ ያዝናል፤ ማዘኑም አያስደንቀኝም፤ እያንዳንዱ ቃል ተቆጥሮ በመዝገብ የገባ ነውና።

ለዚህ ነው የቁጥሩን ግብ በረቂቁ ዘመን ብቻ እንድትይዙትና እርማት ስትጀምሩ ፈጽማችሁ እንድትተዉት የምመክረው። በእርማት ቀን ጥሩ ሥራ ማለት ብዙውን ጊዜ ገጹ ማጠሩ ነው። አራት መቶ ቃል ያለውን ትዕይንት ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ያወረደ ሰው በቁጥሩ ሕግ ከሄድን ከዜሮ በታች ሠርቷል ሊባል ነው፤ ይህ ደግሞ ጸሐፊውን ከሚያስፈልገው ሥራ የሚያሸሽ መለኪያ ነው። በእርማት ወቅት ግቡ ሰዓት ወይም ትዕይንት ይሁን፦ ዛሬ ይህን ትዕይንት ጮክ ብዬ አንብቤ፣ የማያስፈልገውን አውጥቼ እነሣለሁ ማለት ይበቃል።

በረቂቁ ዘመንም ቢሆን ቁጥሩ በየቀኑ እኩል መሆን የለበትም። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በኩባ ይኖር በነበረበት ቤት ግድግዳ ላይ የዕለት የቃላት ብዛቱን የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመ ቃለ መጠይቅ ላይ እንደተገለጸው፣ ቁጥሮቹ 450፣ 575፣ 462፣ 1,250 ካሉ በኋላ ተመልሰው 512 ይላሉ። ከፍ ያለው ቁጥር በማግስቱ ዓሣ ለማጥመድ ሲወጣ ኅሊናው እንዳይወቅሰው አስቀድሞ የሠራው ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንኳ አብዛኛውን ቀን ከ600 በታች መጻፉን ሳስብ፣ ለጀማሪ 1,000 መባሉ ይከብደኛል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦

ለልብ ወለድ የተባለው ለጥናት ጽሑፍ በሙሉ እንደማይሠራ ለመጨመር ያህል ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ቀኑን ሙሉ ሊያነብ ይችላልና፣ ለእኔ ግቤ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ስልክ አጥፍቶ መቀመጥ። የቃል ቁጥር የምጠቀመው የመረጃ ትንተናው አልቆ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ በምለውጥበት ጊዜ ብቻ ነው።

የማታ ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኪንግ የዕረፍት ቀን መፍቀዱን ባልደረባዬ አልነገረኝም ነበር። ወይዘሮ አርታዒ የጠቀሱት የቡና ትዕይንትም በሁለተኛው ምዕራፌ ውስጥ ስላለ ዛሬውኑ እመለከተዋለሁ። አሁን የቀረኝ ጥያቄ ስለ ውዝፉ ነው። ያመለጠኝን ቀን በማግስቱ ላካክሰው ወይስ ልተወው? በደብተር ላይ የተጻፈውንስ እንዴት ልቁጠር?

ማለዳ፦

ውዝፉን ይተዉት፤ በዚህ ላይ ምንም አላመነታም። ለነገ የተላለፈ ሦስት መቶ ቃል ነገን ስድስት መቶ ያደርገዋል፤ ስድስት መቶው ሲከብድ እሱም ያልፍና ከነገ ወዲያ ዘጠኝ መቶ ይሆናል፤ አሁን የደረሱበት ቦታ የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው። ያልጻፉበትን ቀን በመዝገቡ ላይ ባዶ ይተዉትና ማግስቱን ከዜሮ ይጀምሩ። የፈተና ሰሞን ደግሞ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ፣ ለእነዚያ ሳምንታት የዕለቱን ግብ ወደ መቶ ቃል ያውርዱት፤ መቶ ቃል ታሪኩ ከአእምሮ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከመጣ ይጻፉ፣ ካልመጣ ግን የተማሪዎችዎን ወረቀት አርመው ይተኙ።

ስለ አቆጣጠሩ አይጨነቁ። ከደብተርዎ ሞልተው ከጻፉት ገጽ ላይ አሥር መስመር መርጠው ቃላቱን ይቁጠሩ፤ ለአሥር ሲያካፍሉት በአንድ መስመር በአማካይ የሚጽፉትን ያገኛሉ። በመስመር ስድስት ቃል የሚጽፉ ከሆነና ገጹ ሃያ አምስት መስመር ካለው፣ አንድ ገጽ 150 ቃል ገደማ ነው፤ ሁለት ገጽ ሲሞላ የዕለቱ ሥራ አልቋል ማለት ነው። ምልልስ የበዛበት ገጽ ላይ መስመሮቹ ስለሚያጥሩ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ያንን ለማስተካከል ግን መድከም አያስፈልግም። ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡት ትክክለኛው ቁጥር ይገኛል፤ ያኔ ግን እርማት ጀምረዋልና እንደ አርታዒዋ ምክር ቁጥሩን ባይመለከቱት ይሻላል።