የአሮጌ ሃይሴ ሚኒባስ ሙቀት፦ የውሃ ፓምፑ ይቀየር ወይስ ቴስታታው ይውረድ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ጤና ይስጥልኝ። ባለ 3ኤል (የሞተሩ ሞዴል ስም ነው) የናፍጣ ሞተር አሮጌ ቶዮታ ሃይሴ ሚኒባስ አለኝ፤ ቤተሰቤ የሚተዳደረው በእርሱ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ የዓባይን በረሃ ወጥቼ ደጀን ልደርስ ስል የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ይጠጋል። ማታ ያቆምኩበት ቦታ ጠዋት እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ራዲያተሩም በየቀኑ ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል። ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ) ከተቀየረ ወዲህ ደግሞ ከፊት በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ መጥቷል። ያሳየሁት ጋራዥ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ወርዶ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሐል ያለው ማሸጊያ) ይቀየር አለኝ። ወጪው ከአቅሜ በላይ ነው። የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው፤ መንገድ ላይ ሲያልቅ የወንዝ ውሃም ጨምሬ አውቃለሁ። የምታውቁ ምከሩኝ።

የናፍጣ መካኒክ (አዳማ)
ወንድሜ፣ ቴስታታውን ለማስወረድ አትቸኩል። መጀመሪያ የውሃ ፓምፑን እይ።

ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የፊት ወንበሩን አንሥተህ በባትሪ መብራት ከፓምፑ ዘንግ ሥር ተመልከት። እዚያ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፋብሪካው ሆን ብሎ የተዋት ናት፤ ውሃውን ከኩሽኔታው (ዘንጉ ከሚዞርበት ቦታ) የሚለየው ጎማ ሲያልቅ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ከመግባቱ በፊት በእርሷ በኩል እንዲወጣ። ከቀዳዳዋ ቁልቁል የዛገ ወይም ነጭ መስመር ካየህ የፓምፑ ዕድሜ አብቅቷል። በማጣበቂያ የሚደፍኗት ሰዎች አሉ። እንዳታደርገው፤ የተደፈነው ውሃ ኩሽኔታውን ይጨርሰዋል፤ ኩሽኔታው ሲሰበር ደግሞ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) ራዲያተሩን ይመታል። ከዚያ ቺንጋውን አላልተህ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። ከተነቃነቀ፣ ወይም ሲዞር አሸዋ የገባበት ያህል ከሻከረህ፣ የምትሰማው ድምፅ የእርሱ ነው።

ቴስታታው ቢሆን ኖሮ ራዲያተሩን ከፍተህ ሞተሩን በቀዝቃዛው ስታስነሣው አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣ ነበር፤ አለዚያም የሞተሩ ዘይት ወተት የገባበት ቡና ይመስል ነበር። እነዚህን አይተህ ጻፍልኝ።

የታክሲ ሹፌር (አዲስ አበባ)
የእኔም ሃይሴ ይሞቅ ነበር። ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍትለትን በር) አስወጥቼ ጣልኩትና ተገላገልኩ። አንተም እርሱን ሞክር።

የናፍጣ መካኒክ (አዳማ)
ወንድሜ በቅንነት ነው የመከርከው፤ ግን በዚህ አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ይበላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሲከፈት የአቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እርሱ ነው፤ ከሌለ ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ ይህ ጉዳት ነው። ከተጠራጠራችሁ በድስት ውሃ ውስጥ አፍሉትና ሲከፈት እዩት።

ሰው የሚረሳው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደጀንም ከፍታው ተቀራራቢ ነው። ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ አዲስ ፓምፕ ብትገጥምም ዳገቱ ጫፍ ላይ ይፈላብሃል።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ጋሼ፣ እንዳሉት አየሁት። ከቀዳዳዋ ሥር የዛገ መስመር አለ፤ ፑሌጃውም ይነቃነቃል። አረፋ የለም፣ ዘይቱም ደህና ነው። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

የናፍጣ መካኒክ (አዳማ)
ትችላለህ። በዚህ ሞተር ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የውጭ ቺንጋ ስለሆነ ሥራው ለትዕግሥተኛ ሰው አይከብድም።

የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ውሃውን በራዲያተሩ ታችኛው መክፈቻ አውርደው። የቬንትሌተሩን ዳዶዎች ቺንጋው ገና ጠበቅ ብሎ ሳለ አላላቸው፤ ቺንጋው ፑሌጃውን ይይዝልሃል። ከፈታኸው በኋላ ግን ፑሌጃው አብሮህ እየዞረ ያስቸግርሃል። የፓምፑ ቡሎኖች ርዝመታቸው እኩል አይደለም። በካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ሳልና እያንዳንዱን ከወጣበት ቦታ ላይ ሰካው፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አስገብቶ ጥርሱን የሰበረ ብዙ አይቻለሁ።

የድሮውን ጓርኒሲዮን በጥንቃቄ ፋቅ፤ ፊቱ ከተጫረ ያፈሳል። አዲሱን ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጎን ለጎን አስተያየው፦ የዘንጉ ቁመት፣ የቡሎኑ ቀዳዳዎች፣ የክንፎቹ ብዛት። ስትገጥም ቡሎኖቹን በመስቀልያ እያፈራረቅህ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ።

ለቺንጋው ልብህን ስጥ። ያንተን ፓምፕ የገደለው ይመስለኛል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ዘንጉን ወደ ጎን እየሳበ ኩሽኔታውን ይበላል። መሐሉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይርገብ።

አንባቢ (ፍራንክፈርት)
እዚህ ጀርመን ባለ አምስት ሲሊንደር አሮጌ ቮልስዋገን ቲ4 ናፍጣ የያዛችሁ ካላችሁ፣ የዚያ የውሃ ፓምፕ የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በሚያስማማው ቺንጋ) ነው። ፓምፑ ከተያዘ ቺንጋው ይበጠሳል፤ ሞተሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ነው የምናስቀይረው።

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጅቶብኝ ጨረስኩት። የአሮጌው ፓምፕ ክንፎች ጫፋቸው አይጥ የበላው ይመስላል፤ ውስጡ የሸክላ ቀለም ያለው ዝቃጭ ነበረበት። ክዳኑንም ቀየርኩ። ትናንት ስምንት ሰው ጭኜ ዓባይን ስወጣ መለኪያው ከመካከል አልተነሣም። አሁን ውስጡ ያለው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ) ለእኛ አገር ያስፈልጋል? ውሃ አይረጋብንም።

የናፍጣ መካኒክ (አዳማ)
እንኳን ደስ ያለህ! ኩላንቱ ለበረዶ ብቻ አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ያየኸው ዝቃጭ የባዶ ውሃ ሥራ ነው። አሁን ያለውን አውርድና ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅለህ ሙላ። ሲሞላ የማሞቂያውን ቁልፍ ክፈት፤ ክዳኑን ሳትገጥም ሞተሩን አስነሣና አየሩ እስኪወጣ ቀስ እያልክ ጨምር። ቺንጋህ አዲስ ስለሆነ ይለጠጣል፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና በአውራ ጣትህ ለካው።