ኤዲት ገምግሞ ለማጽደቅ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? የኔ ጥቆማ

በቡድን የሚሠራ ሰው ይሄ ጥያቄ መቼም አይቀርለትም። አንዱ ኤዲት ያደርጋል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል፣ ከዚያ ሥራው ይወጣል። ሲነገር ቀላል ነው። ሶፍትዌር ሲመረጥ ግን ሁሉም "ማጽደቂያ አለኝ" ይላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ውስጡ ሲገባ ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው አንድ ነገር ነው። ገምጋሚው ያየው ሥራና በመጨረሻ የወጣው ሥራ ያው ነው ወይ? ከጸደቀ በኋላ አንድ ቃል ቢቀየር ማጽደቂያው ይነሳል ወይስ ዝም ብሎ ይቆያል? ማሳወቂያው፣ ዳሽቦርዱ፣ የገጹ ውበት ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ።

ኮድ ለምትሠሩ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ጊትሃብ ነው፤ ኮድ በጋራ የሚቀመጥበትና የሚገመገምበት ድረ ገጽ። ፑል ሪኩዌስት (ለውጤ ከዋናው ጋር ይቀላቀል የሚል ጥያቄ) የከፈተ ሰው የራሱን ሥራ ራሱ አፕሩቭ ማድረግ አይችልም፤ ሲስተሙ አይፈቅድለትም። ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና ቅጂ) ላይ የጥበቃ ደንብ ካወጣችሁ ደግሞ ከመቀላቀሉ በፊት ስንት ሰው ማጽደቅ እንዳለበት ትወስናላችሁ፤ እስከ 6 ሰው ድረስ ይሄዳል። በነፃ አካውንት ግን ይህ ጥበቃ የሚሠራው ለሁሉም ክፍት በሆነ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ላይ ነው። ሥራችሁ ዝግ ከሆነ መክፈል አለባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ገምጋሚው ከሰዓት በኋላ መስመር በመስመር አይቶ አጸደቀ እንበል። ጸሐፊው አመሻሽ ላይ "ትንሽ ነገር ላስተካክል" ብሎ ሁለት መስመር ጨመረ። አዲስ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ሲገባ የቆየውን ማጽደቂያ የሚሰርዝ ምርጫ ደንቡ ውስጥ አለ። ካልመረጣችሁት ግን ማጽደቂያው ባለበት ይቆያል። ያ አረንጓዴ ምልክት ማንም ያላያቸውን ሁለት መስመሮች ይዞ ያልፋል ማለት ነው። እባካችሁ ያቺን ሳጥን ሳትመርጡ ሥራ አትጀምሩ።

የጊትሃብ አቻ የሆነው ጊትላብም ጥሩ ነው። ነፃው ላይ ግን ማጽደቅ በፈቃደኝነት ነው፤ ማንም ባያጸድቅም መቀላቀል ይቻላል። አስገዳጅ እንዲሆን ከፈለጋችሁ የሚከፈልበት ያስፈልጋል። ጥብቅ ግምገማ ለምትፈልጉ ጌሪት የሚባል የኮድ መገምገሚያ አለ። መልኩ አይስብም፤ ግምገማውን ግን የምር ይዞታል። ገምጋሚ የሚሰጠው ነጥብ ከ-2 እስከ +2 ነው፤ +2 ማለት ጸድቋል ነው። አንድ -2 ሥራውን ያቆመዋል። ሁለት ሰዎች +1 ቢሰጡ ተደምሮ +2 አይሆንም፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ሥራው ተስተካክሎ ሲመለስም ገምጋሚው ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ ያያል። ለገምጋሚ ከዚህ የበለጠ እፎይታ የለም።

ጽሑፍ ላይ ለምትሠሩ ጎግል ዶክስ ይበቃል፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የሐሳብ መስጫው ሁነታ ብቻውን ጥበቃ አይደለም። ኤዲተር የሆነ ሰው ሁነታውን ቀይሮ እንደልቡ ይጽፋል። ስለዚህ ለሚያርሙት ሰዎች የኮመንተር (አስተያየት ሰጪ) ፈቃድ ብቻ ስጧቸው። ያኔ የሚጽፉት ሁሉ በሐሳብ መልክ ይቀርባል፤ ተቀባዩ ወይ ይቀበላል ወይ ይመልሳል። ዎርድ ላይም የለውጥ መከታተያውን በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል። ይህን ካላደረጋችሁ አንዱ አጥፍቶት ሲጽፍ ቢውል ማን ምን እንደነካ አታውቁም።

ዎርድፕረስ ላይ ኮንትሪቢውተር የሆነ ሰው ይጽፋል እንጂ አያትምም፤ ጽሑፉ ግምገማ ይጠብቃል። ችግሩ የሚመጣው ከታተመ በኋላ ነው። ያው ጸሐፊ የራሱን ስህተት ማረም አይችልም፤ አርታኢው ይግባበት። የታተመ ገጽ ላይ የሚደረግ እርማት እንዲጸድቅ ከፈለጋችሁ ተጨማሪ ፕለጊን ፈልጉ። በዚህ በኩል ዊኪፒዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ሚዲያዊኪ፣ ይሻላል። የጀርመንኛው ዊኪፒዲያ ከ2008 ጀምሮ የሚጠቀምበት ቅጥያ የአዲስ ሰው እርማት ልምድ ባለው ሰው እስኪታይ ድረስ ለተራ አንባቢ የቆየውን ገጽ ያሳያል።

ካርታና የጂአይኤስ (የመልክዓ ምድር መረጃ) ዳታ ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ እኔም በጣም የምጨነቅበት እዚህ ነው። አርክጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ እያንዳንዱ ኤዲተር የራሱ ቨርዥን (የዳታው የተለየ ቅጂ) ውስጥ ይሠራል። ሲጨርስ ከዋናው ጋር ሪኮንሳይል ይደረጋል (ይነጻጸራል፣ ይታረቃል)፣ ግጭት ካለ ይፈታል፣ ከዚያ ፖስት ይደረጋል፤ ማለትም ወደ ዋናው ይገባል። ብዙ ቡድን ገምጋሚውን የሚጠራው ከሪኮንሳይል በፊት ነው። ይሄ ልክ አይደለም። ኤዲተሩ የውሃ መስመሩን ሲያስተካክል ሌላ ሰው ያንኑ መስመር ነክቶ ቀድሞ ፖስት አድርጎ ሊሆን ይችላል። ሪኮንሳይል ሲደረግ የሁለቱ ሥራ ይገናኛል፤ ከሁለቱ የአንዱ ይመረጣል። ገምጋሚው ያጸደቀው መስመር ከዚህ በኋላ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የአርክጂአይኤስ የሥራ ደረጃ ማስያዣ በሆነው ወርክፍሎ ማናጀር ላይ ደረጃዎቹን ስታስቀምጡ ሪኮንሳይል ይቅደም፣ ግምገማ ይከተል፣ ፖስት መጨረሻ ይሁን። ቨርዥኑንም ሌላው እንዲያየው እንጂ እንዳይነካው አድርጋችሁ ክፈቱት።

ማንም በሚያርመው ነፃ ካርታ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ቅድመ ማጽደቅ የለም፤ የተሠራው ወዲያው ይወጣል። በጎ ፈቃደኞችን ለምታስተባብሩ ሆት የተባለው የበጎ አድራጎት ካርታ ድርጅት ያዘጋጀው ታስኪንግ ማናጀር ክፍተቱን በመጠኑ ይሸፍናል። ቦታው በካሬ ይከፋፈላል፣ አንድ ሰው የያዘው ካሬ ለ2 ሰዓት ይቆለፍለታል፣ የሠራው ሰውም የራሱን ሥራ ማረጋገጥ አይችልም።

ቪዲዮ ከሆነ ነገር አታብዙ፤ ፍሬም አይኦን ያዙ። አስተያየቱ በትክክል ሰከንዱ ላይ ይቀመጣል፣ የቆየውና አዲሱ ጎን ለጎን ይታያል።

ስለ ሥራ መከታተያው ስለ ጂራ የሚጠይቁኝም አሉ። አንድ ሰው አስገቢም አጽዳቂም እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ ስላለው ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ጂራ ላይ የሚጸድቀው ቲኬቱ (የሥራው መዝገብ) ነው። ፋይሉ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ቲኬቱ "ጸድቋል" እያለ ፋይሉ ሊቀየር ይችላል። ከጊትሃብ ወይም ከጊትላብ ጋር አያይዛችሁ ተጠቀሙበት እንጂ ብቻውን ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ያልጠቀስኩትን ሶፍትዌር ለመግዛት ካሰባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት አካውንት ክፈቱ። በአንዱ ኤዲት አድርጉ፣ በሌላው አጽድቁ፣ ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ አንድ ቃል ቀይሩ። ማጽደቂያው ባለበት ከቆየ የሚያስተካክል ሴቲንግ እንዳለው ጠይቁ። ሻጩ ዴሞ ሲያሳያችሁም ይህንኑ ፊት ለፊታችሁ እንዲሠራው አድርጉ።