ሚዲዬሽን ግቡ የሚል ወረቀት መጣልኝ፤ ልጄን ደብረ ብርሃን መውሰድ እችላለሁ?

የደብረ ብርሃኗ (ሳን ሆሴ)

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ስላለ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ከልጄ አባት ጋር ከተለያየን ቆይተናል። ልጃችን ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አያቷ ጋ ደብረ ብርሃን ልወስዳት አስቤ ነበር። እናቴ ደክማለች። በደወልኩ ቁጥር «የልጅሽን ዓይን ሳላይ ልሙት?» ነው የምትለኝ። አባትየው ግን «ይዘሻት ከወጣሽ አትመልሻትም» ብሎ ፍርድ ቤት አመለከተ። አሁን ዳኛ ፊት ከመቅረባችን በፊት ሚዲዬሽን (በአስማሚ ባለሙያ ፊት ተነጋግሮ ለመስማማት መሞከር) ግቡ የሚል ወረቀት ደረሰኝ።

እዚያ የምናገረው ዳኛው ጆሮ ይደርሳል? አጎቴን ይዤ ብገባስ? ድሮ በተጣላን ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ ያስታረቀን እሱ ነው። የልጅቷ ፓስፖርትስ ማን ጋ ይቀመጣል? እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል። ለእንዲህ ያለ ነገር ግን እፈራለሁ።

አንኮበር (ሎስ አንጀለስ)

አይዞሽ እህቴ። እኔም በዚሁ በር ገብቼ ወጥቻለሁ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ እናትና አባት በልጅ ጉዳይ ካልተስማሙ፣ ዳኛው ክርክሩን ከመስማቱ በፊት ሚዲዬሽን ግዴታ ነው። ከፈረንጆች 1981 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ነው። በፍርድ ቤቱ በኩል ሲሆን አያስከፍልም።

የምትናገሪው ዳኛው ጋ ይደርሳል ወይ ላልሽው፣ እንደ ካውንቲው (እንደ አካባቢው አስተዳደር) ነው። በአንዳንዱ ካውንቲ የተባለው ሁሉ እዚያው ክፍል ይቀራል። በሌላው ግን ካልተስማማችሁ አስማሚዋ ባለሙያ የራሷን ሐሳብ ጽፋ ለዳኛው ታቀርባለች። ቅጂው ለአንቺም ይደርስሻል። ዳኛው በዚያ ወረቀት አይታሰርም፣ ግን ያነበዋል። ስለዚህ ቀደም ብለሽ ደውዪና የእነሱ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። በዚያው አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። አማርኛ እንደ ስፓኒሽ ሁልጊዜ በእጅ አይገኝም። ልጅቷንማ ፈጽሞ እንዳታስተረጉሚ።

አጎትሽ አይገባም። ጠበቃ እንኳ ውጭ ጠብቅ ሊባል ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። እኔ የገባሁ ቀን ስለ ሰርጉ፣ ስለ አማቾቼ፣ ማን ማንን እንደበደለ ለመናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ሴትዮዋ ካላንደር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ማክሰኞ ማታ ማን ነው የሚያስተኛቸው? ትንሹ ሲያመው ትምህርት ቤቱ ማን ጋ ይደውላል? ገና መቼ ነው የምታከብሩት?» አለችን። በታኅሣሥ 29 እና በፈረንጆቹ ገና መካከል ያለውን ልዩነት አስረዳናት። ሁለቱንም ቀን በእርሳስ ከበበች። ስለ በደል ስጀምር እየሰማች ወደ ካላንደሩ ትመልሰኝ ነበር። የቀለብ ገንዘብም እዚያ አይነሳም። እሱ ለብቻው ነው።

የተስማማችሁበት ነገር ተጽፎ ዳኛው ከፈረመበት ትእዛዝ ይሆናል። ሳይገባሽ እንዳትፈርሚ።

መንዝ (ሲያትል)

ጋሼ አንኮበር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ያለሁበት ዋሽንግተን ስቴት አሠራሩ ሌላ ነው። የሌላ ስቴት ሰዎች የጋሼን ምክር እንዳለ እንዳትወስዱት።

እኔ ልጆቼን የማየው ቅዳሜና እሁድ፣ እሱም በተራ ነው። መሐል ሜዳ ያሉት አባቴ እስካሁን አልሰሙም። በደወልኩ ቁጥር «ልጆቹን አገናኘኝ» ይላሉ። ተኝተዋል እላለሁ። ለፋሲካ ዶሮና ቅቤ መግዣ ስልክላቸው «የልጆቹን ድምፅ ብትልክልኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። ከደሞዜ ቀለብ ይቆረጣል። ከተረፈው ለእሳቸውና ለእህቴ ልጆች ትምህርት እልካለሁ። በብርድ ጊዜ ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ይላል።

እና እውነቱን ልናገር። ነገሩ ገና ሳይከር ሽማግሌ ቢገባበት ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። የእኛ ሰው ቶሎ ፍርድ ቤት ይሮጣል። አጎቷ ያስታረቃቸው ሰው ነው ተብሏል። ለምን አይሞከርም?

የደብረ ሲናዋ (ኦክላንድ)

ወንድሜ መንዝ፣ ያንተ ሐዘን ይገባኛል። ግን ሽማግሌ ሁሉ አንድ አይደለም። እኔን ሽማግሌ እየመከረ የሚመታኝ ሰው ቤት መልሶኛል። «የልጆችሽን አባት አታዋርጂ» ነበር የሚሉኝ። አንዳቸውም ልጆቹ ሌሊት ምን እንደሚሰሙ አልጠየቁም።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ላይ ባትጽፊውም ልጠይቅሽ። መትቶሽ ወይም አስፈራርቶሽ ያውቃል? ከሆነ በግልጽ ተናገሪ። ለየብቻ በተለያየ ሰዓት እንድትገቡ መጠየቅ መብትሽ ነው። አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰውም ይፈቀድልሻል። ስለ አንቺ ሆኖ አይናገርም፣ መኖሩ ግን ያበረታል። እኔ ያን መብት የሰማሁት እሱ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ካለቀ በኋላ ነው። ማንም አልነገረኝም።

መንዝ (ሲያትል)

እኔ ስለሚማታ ሰው አላወራሁም። እሱን ማንም አይደግፍም። እኔ የምለው በሰላም ስለተለያየ ሰው ነው። ካላንደር ላይ እርሳስ ማዞር ቤተሰብ አያቆምም።

የደብረ ሲናዋ (ኦክላንድ)

ቤተሰቡማ ቀድሞ ተለያይቷል። አሁን የቀረው ልጅቷ ናት። የእኛ ሽማግሌ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ነው የሚመጣው። ማክሰኞ ማታ ማን ያስተኛታል ብሎ የጠየቀ ሽማግሌ አይተህ ታውቃለህ?

ጠበቃው (ደብረ ብርሃን)

ከዚህ ከሀገር ቤት ጣልቃ ልግባ። እዚህም ቢሆን ሽማግሌና ፍርድ ቤት ተለያይተው አያውቁም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ሲጠየቅ ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እርቅ እንዲሞክሩ ዳኛው ሊጠይቃቸው እንደሚችል ይላል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በ2013 ዓ.ም ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አምጥቷል። እሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ላሉ የክልል ፍርድ ቤቶች አይደለም።

ለጠያቂዋ የሚጠቅመው ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ልጆች ያለፈቃድ ከሀገር ሲወሰዱ የሚመለሱበትን የሄግ ስምምነት አልፈረመችም። የካሊፎርኒያ ትእዛዝም እዚህ በራሱ አይፈጸምም። እንዲፈጸም ለብቻው ማመልከቻ ይጠይቃል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉም ያ ሀገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ ብሎ ያያል። የአባትየው ፍርሃት ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ክፉ ነው ማለት አይደለም።

የደብረ ብርሃኗ (ሳን ሆሴ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋሼ አንኮበር፣ ደውዬ ነበር። የእኛ ካውንቲ የትኛው እንደሆነ ነገሩኝ። አስተርጓሚም ጠይቄያለሁ። እህቴ የደብረ ሲናዋ፣ መትቶኝ አያውቅም። ግን ስለጠየቅሽኝ አለቀስኩ።

ስለ ሄግ የተጻፈውን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ እኮ አያቷን ላሳያት ብቻ ነው። የመመለሻ ቲኬቱን ባሳየው፣ በየቀኑ በቪዲዮ ባገናኛቸው፣ የምንመለስበት ቀን ቢጻፍ አይበቃም? ፓስፖርቱንም የጠየቅኩት ለዚህ ነው።

አንኮበር (ሎስ አንጀለስ)

ያልሻቸውን ሁሉ ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ። የበረራ ቀን፣ የምታርፉበት ቤት፣ የትምህርት ቤቱ መክፈቻ ቀን ይኑርበት። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣት የሁለቱም ወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። የወጣው ፓስፖርት ማን ጋ ይቀመጥ የሚለውን ግን የእናንተ ስምምነት ወይም ዳኛው ነው የሚወስነው። ከመግባትሽ በፊት ፍርድ ቤቱ ውስጥ ያለውን ፋሚሊ ሎው ፋሲሊቴተር (ጠበቃ የሌላቸውን ሰዎች በቤተሰብ ጉዳይ የሚረዳ ባለሙያ) አነጋግሪ። በነፃ ነው። ዳኛው ጉዞውን ይፈቅዳል ብዬ ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም።

መንዝ (ሲያትል)

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አባትየውን አንድ ሰው ቢያነጋግረው ምን ይከፋል? ሽማግሌ በሉት፣ ጓደኛ በሉት። የሚፈራውን ነገር በአማርኛ ይናገር። ካላንደሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የደብረ ሲናዋ (ኦክላንድ)

ያነጋግረው። ግን እሷ ከፈቀደች ብቻ፣ ስለ ጉዞው ብቻ። «ወደ ቤትሽ ተመለሺ» የሚል ሰው እንዳይሆን።