ሱሉልታ ስንዴያችንን ሴፕቶሪያ እየጨረሰው ነው፣ የስኳሩን ነገር የሚያስረዳኝ?

የሱሉልታው
ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ስንዴ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ እየደረቀ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ደረቁ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች በመስመር ተደርድረዋል፣ በጣት ሲታሽ እንደ ዋግ ቀለም አይለቅም። ሴፕቶሪያ የሚባል የፈንገስ በሽታ ነው አሉኝ። ክፍል ውስጥ ደግሞ መምህራችን ፈንገሱ ፕሮቲኖቹ ላይ ስኳር ካልለጠፈ ተክል ማጥቃት አይችልም ብሎ አለፈ። ስኳርን ከበሽታ ምን አገናኘው? ይህንን ብናስቆመው መድኃኒት አይሆንም እንዴ?

ላብ ውስጥ ያለሁ
ሻይ ውስጥ የምትጨምረው ስኳር እንዳይመስልህ። ሴሉ ፕሮቲን ሲሠራ ብዙዎቹ ላይ የስኳር ሰንሰለት ይለጥፋል፣ ግላይኮሲሌሽን የሚባለው እሱ ነው። ሰንሰለቱ ከሌለ ፕሮቲኑ በወጉ አይታጠፍም፣ ወይ ይፈርሳል ወይ ቦታው አይደርስም። ያንተው ሴፕቶሪያ ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ኤኤልጂ2 የተባለ ጂን ሲያበላሹበት ፈንገሱ እንደ እርሾ መባዛቱን ቀጠለ፣ ወደ ክር መሰል ቅርጽ መቀየር ግን አቃተው። ቅጠሉ ውስጥ በአየር ቀዳዳዎቹ የሚገባው ደግሞ በዚያ ክር ነው፤ ስለዚህ ስንዴውን ማሳመም አልቻለም።

እንጦጦ ሥር
እኔን የሚገርመኝ ብላስት የሚባለው የሩዝ ፈንገስ ነው (ሩዝ ፎገራ እንጂ ሱሉልታ ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ)። ተክሉ ከፈንገሱ የሴል ግድግዳ የተቆረሰ ካይቲን (ግድግዳው ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ) ሲነካው ጠላት መጣ ብሎ መከላከያውን ያስነሳል። ፈንገሱም አይተኛም፣ ኤስኤልፒ1 የሚባል ፕሮቲን ረጭቶ ቁርስራሹን ተክሉ ሳያየው ይለቃቅምበታል። ስኳሩን ሲነሱት ያ ፕሮቲን ካይቲኑን መያዝ ያቅተዋል፣ ሩዙም ይነቃል።

ላብ ውስጥ ያለሁ
መድኃኒቱን በተመለከተ ግን ቀላል አይደለም። ቱኒካማይሲን የሚባል ንጥረ ነገር የዚህን ስኳር የመለጠፍ ሥራ መጀመሪያ ያግዳል፣ ችግሩ ስንዴውም እኛም ያው መንገድ አለን። ማን ደፍሮ ይረጨዋል? እነ ቲልት የመሳሰሉት የሚረጩ ፀረ-ፈንገሶች የሚመቱት ሌላ ቦታ ነው፣ የፈንገሱን ኤርጎስቴሮል (የሴሉ ሽፋን የሚያስፈልገውን ቅባት)። ለከርሞ ባቄላ ዝሩበት፣ በሽታው በስንዴው ገለባ ላይ ነው የሚከርመው።

የሱሉልታው
ባቄላውን አባቴን ማሳመን ነው ጣጣው። የላይኞቹ ቅጠሎች እስካሁን ንጹህ ናቸው፣ ልርጭ ወይስ ልጠብቅ?

እንጦጦ ሥር
ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ! ከገባ በኋላ ምልክት ሳያሳይ ከሳምንት በላይ ይቀመጣል፣ ንጹህ የመሰለህ ቅጠል ውስጥ አሁንም ሊኖር ይችላል። ዝናቡ ጋብ ሲል እርጭ።