በስልክ የተነሳ ሰነድ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ለምን አይነበብም?

ብራና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ውሉም ደረሰኙም የትምህርት ማስረጃውም በስልክ ተነስቶ ነው የሚላከው፤ ስካነር የሚፈልግ ሰው ጠፍቷል። ችግሩ፣ ስልኩ ላይ ጥርት ያለው ኤ4 ወረቀት ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ደቃቁ ጽሑፍ አይነበብም፤ መሃሉ ላይም የእጅ ጥላ አለበት። ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ነው። ካሜራው አንሶ ነው ወይስ አነሳሱ?

ሌንስ፦
ካሜራው ይበቃል። ለጽሑፍ ጥሩ ስካን የሚባለው በኢንች 300 ነጥብ ነው፤ ኤ4 በዚህ ልክ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፣ 9 ሜጋፒክስል ገደማ። ያንተ 3000 በ4000 ይሰጣል። ወረቀቱ ፍሬሙን ከሞላው ይተርፋል፤ ጠረጴዛውን አብረህ ካነሳህ ግን ፒክስሉን ለጠረጴዛው አካፈልከው።

የሚበላሸው ሲላክ ይመስለኛል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ይጨምቃል። ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ከወረደ በኢንች 110 ነጥብ ብቻ ይቀራል። ለኛ ፊደል ይሄ ከባድ ነው፦ የ«ሉ» ጭረት ወገቧ ላይ፣ የ«ሊ» እግሯ ስር፤ መጀመሪያ የምትጠፋውም ያቺ ጭረት ናት። ስለዚህ «ፋይል» የሚለውን መርጠህ ላክ።

ጥላ_የለሽ፦
ጥላው የሚመጣው መብራቱ ከጭንቅላትህ በላይ ስለሆነ ነው። ወረቀቱን መስኮት ዳር አድርግ፣ ብርሃኑ በጎን ይግባ። ፍላሽ አትጠቀም፤ ላሚኔት የሆነ ነገር ላይ ነጭ ክብ ይተዋል። ባለ2 እጥፍ ዙም አድርገህ ከፍ ብለህ ብታነሳም ጥላህ ይርቃል።

ሌንስ፦
@ጥላ_የለሽ ዙሙ ላይ አልስማማም። ለብቻው የዙም ሌንስ ከሌለው ስልኩ የሚያደርገው መሃሉን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ ከ12 ሜጋፒክስል እውነተኛው 3 ብቻ ይቀራል። በተራው 1 እጥፍ፣ ከ22 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ይያዘው። ጫፎቹ ከደበዘዙ (ትልቅ ሴንሰር ያላቸው ስልኮች ቅርብ ሲሆን ይቸገራሉ) 30 ሳንቲሜትር ድረስ ይራቅ፤ በኢንች ወደ 250 ነጥብ ይወርዳል፣ ያም ይነበባል። ሌንሱን መጥረግም አይረሳ፤ የጣት ቅባት ፊደሉን ጭጋግ ያለብሰዋል።

ጥላ_የለሽ፦
እሺ፣ ለ12 ሜጋፒክስሉ ልክ ነህ።

ማኅተም፦
ሁለት ነገር ልጨምር። የስካን አፕ ከተጠቀምክ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን አትምረጥ። አፑ ፈዘዝ ያለውን ሁሉ ወረቀት ነው ብሎ ስለሚያነጣው፣ የሳሳ ሐምራዊ ማኅተምና የእርሳስ ፊርማ ድራሹ ይጠፋል። ማኅተም የሌለው ሰነድ ደግሞ ማን ይቀበልሃል? «ከለር» ላይ ተወው።

ሁለተኛው፣ ፎቶው እንደ ፋይል ሲላክ የተነሳበት ቦታ የጂፒኤስ መረጃም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከማንሳትህ በፊት የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ሎኬሽኑን አጥፋው።